ደወል መምታት ያማራት ምንትዋብ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን የከፈታችሁ፣ ዝጉት። የዛሬው የአህያ ነው።

ምንትዋብ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ደወል መምታት አማራት። የትምህርት ቤቱ ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዓርብ ዕለት መምህር አሰግድ፣ «ሪፊዩዝ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም ቀድሞ የነገረኝ፣ ሰኞ ደወሉን ይመታል» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟን ይስማውን ያዘችው። ስምንተኛ ክፍል ከገባ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም፤ እንደ ራሱ አባባል ማለቴ ነው።

«ይስማው፣ ሪፊዩዝ ምንድን ነው?»

«እሱማ ቀላል ነው! ግን ኳሴ ካልተነፋ እምቢ!»

ወደ ጎሚስታው ወደ ጋሽ ታረቀኝ በረረች። «ጋሽ ታረቀኝ፣ ኳስ ይንፉልኝ! ኳስ ካልተነፋ ይስማው እምቢ፣ ትርጉም ከሌለ ደወል የለም!»

«በባዶ ሆዴ ምኑን ልንፋው? ሳንቡሳ ካልበላሁ እምቢ!»

ወደ ሳንቡሳ ሻጯ ሮጠች። «እትዬ ዘርፌ፣ ሳንቡሳ ይስጡኝ! ሳንቡሳ ካልበሉ ጎሚስታው እምቢ፣ ኳስ ካልተነፋ ይስማው እምቢ፣ ትርጉም ከሌለ ደወል የለም!»

«በምን ላቡካው፣ በምራቄ? ውሃ የጫነው አህያዬ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተገትሮልሻል። እሱ ካልመጣ እምቢ!»

«አያ አህያ፣ በናትህ ተንቀሳቀስ! አንተ ካልመጣህ እትዬ ዘርፌ እምቢ፣ ሳንቡሳ ካልበሉ ጎሚስታው እምቢ፣ ኳስ ካልተነፋ ይስማው እምቢ፣ ትርጉም ከሌለ ደወል የለም!»

አህያው ከአጥሩ ማዶ ያለውን የመምህር አሰግድን ጎመን አፍጥጦ ያያል። «ጎመን ካልበላሁ እምቢ!» አለ። በአፉ አይደለም፣ በኋላ እግሩ ነው።

መምህሩ ጎመናቸውን ውሃ ያጠጣሉ። «ቲቸር፣ ጎመን! ጎመን ካልበላ አህያው እምቢ፣ አህያው ካልመጣ እትዬ ዘርፌ እምቢ፣ ሳንቡሳ ካልበሉ ጎሚስታው እምቢ፣ ኳስ ካልተነፋ ይስማው እምቢ፣ ትርጉም ከሌለ ደወል የለም!»

«ጎመኔን ለአህያ? የሪፊዩዝን ትርጉም ካልነገርሽኝ እምቢ!»

ምንትዋብ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። «ኤጭ! እርስዎም እምቢ! አህያም እምቢ! ጎሚስታም እምቢ! አገሩ ሁሉ እምቢ! ምን ዓይነት ሰፈር ነው?»

መምህሩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ለመሆኑ አንድ ሰው ሲለምኑት እምቢ ካለ፣ እንግሊዞች ምን አደረገ የሚሉ ይመስልሻል?»

እንባዋ ቀጥ አለ። «ሪፊዩዝ! እምቢ ማለት ነው!»

«ደወሉ ያንቺ ነው!»

መምህሩ ጎመን ቆረጡ፣ አህያው በላ፣ ውሃው ደረሰ፣ ሊጡ ተቦካ፣ ሳንቡሳው ተጠበሰ፣ ጋሽ ታረቀኝ ጠገቡ፣ ኳሱ ተነፋ። ይስማውም ኳሱን አቅፎ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ሪፊዩዝ ማለት... የፈረንጅ ፍራፍሬ ነው» አለ። ጉድ በሉ!

ሰኞ ጠዋት ምንትዋብ ቸርኬውን ጓ! ጓ! ጓ! አደረገችው። ይስማው እየተቅለሰለሰ መጣ። «ምንቴ፣ የኔ እህት፣ አንዴ ብቻ ልምታ?»

የደወሉን መምቻ ብረት ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ሪፊዩዝ!»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሳንቡሳ አብሱ። እምቢ ካላችሁም ትምህርቱ ገብቷችኋል።