ላለማስቀየም የተሰጠ መቶ

አንድ ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ የሚያከፋፍል ይርዳው የሚባል ነጋዴ ነበር። ሥራ አዋቂ ነው፤ ሰው ማስቀየም ግን ፈጽሞ አይሆንለትም። ይሉኝታው አንድ ቀን ጉድ ያደርገዋል እያሉ ወዳጆቹ ያሙት ነበር።

አንድ ክረምት ከኮሌጅ ሁለት የማኔጅመንት ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ተላኩለት። መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ወር ይሠራሉ፤ እሱ ከመቶ የሚሰጣቸው ውጤትም እንደ አንድ ኮርስ ተቆጥሮ ለመመረቂያ ክሬዲታቸው ይያዝላቸዋል። ሰናይት የምትባለው በየቀኑ መጣች። የትኛው ዕቃ በየትኛው ወር ወደየትኛው ከተማ እንደሚሄድ ሾፌሮቹን ሳይቀር እየጠየቀች ተማረች። ናሆም የሚባለው ግን አንድ ቀን መጥቶ ተዋወቀ፤ ከዚያ ብቅ ያለው በመጨረሻው ቀን የውጤት ቅጹን ለማስሞላት ነው። ይርዳው ትንሽ አመነታ። የሰው ልጅ በእኔ የተነሳ ከምርቃቱ ለምን ይቅር ብሎ ለሁለቱም መቶ መቶ ጻፈና ማህተሙን መታ። ያን ቀን ጽድቅ የሠራ ያህል ደስ ብሎት ዋለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያለ የሌለ ጥሪቱን አፍስሶ በአንዲት ደጋ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ። ኮሌጁንም በተግባር የተመሰከረለት ሥራ አስኪያጅ እንዲልክለት ጠየቀ። ሰናይትን ሌላ ነጋዴ ቀድሞ ወስዷት ስለነበር ናሆም ተላከ። ይርዳው ፊቱን የት እንደሚያውቀው ሊያስታውስ አልቻለም።

ሐምሌ ላይ ቅርንጫፉን ሊጎበኝ ሄደ። ሱቁ እስከ ጣሪያው ናሆም ባዘዘው ስስ አንሶላ ተሞልቷል። በብርድ የሚንቀጠቀጠው ደንበኛ ወፍራም ብርድ ልብስ ጠይቆ ሲያጣ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ይርዳው ደሙ ፈልቶ ኮሌጁ ድረስ ሄደና ለዚህ ልጅ የመሰከረለት ማን እንደሆነ ጠየቀ። ልምምዱን የሚከታተለው መምህር የናሆምን የውጤት ቅጽ አውጥቶ ፊቱ አስቀመጠለት። ጽሕፈቱም ማህተሙም የራሱ የይርዳው ነበር። አፈረ።

ተመልሶም ናሆምን፣ «እንደማትችል ለምን አልነገርከኝም?» አለው።

«እኔ እኮ የምችል መስሎኝ ነበር ጋሼ፤ መቶ ሰጥተውኛል» አለ ናሆም። «ያኔ ‹ሂድና ሥራ› ብለው ቅጹን ቢከለክሉኝ፣ አንድ ክረምት እቀየምዎት ነበር። ዛሬ ግን ሁለታችንም አንዋረድም ነበር።»

ይርዳው ቅርንጫፉን ዘጋ። ልጁን ግን አላባረረውም፤ ያልሠራውን ሦስት ወር ከመጋዘኑ አስጀመረው። ናሆምም ዕቃ ከማውረድ ጀምሮ ተማረ።

ወዳጄ፣ ያልለፋን ሰው እንደ ለፋ አድርጎ መመስከር ደግነት አይደለም። የለፋችውን ከሰነፉ ጋር እኩል ያደርጋል፤ ሰነፉንም የመማሪያ ጊዜውን ይቀማዋል። እርስዎስ ላለማስቀየም ብለው የፈረሙለት ሰው፣ ዛሬ የማንን ሥራ ይዞ ይሆን?