ጋሽ ወርዶፋ ክንዳቸውን የዘረጉበት ቀን

በእኛ እምነበረድ ፋብሪካ አዲስ ሰው ሲቀጠር ከሥራ ልብሱ ጋር አንዲት አባባል ይረከባል። ከየት እንደመጣች ግን ብዙው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ክሬኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ክሬን ላይ ሆኜ ከጭነቱ ሥር ያለውን አላይም። ስለዚህ ከመንጠቆው አጠገብ ርቀት የሚለካ ካሜራ ተገጠመልኝ፤ ድንጋዩ ለማረፍ ምን ያህል እንደቀረው ፊቴ ባለው ስክሪን ላይ በቁጥር ይነግረኛል። ታች፣ ድንጋዩን የሚቆርጠው መጋዝ ጋ ደግሞ አልመሀዲ የሚባል ሠራተኛ ድንጋዩ የሚያርፍባቸውን እንጨቶች ያስተካክላል። ስክሪኑ ሰማንያ ሳንቲሜትር ሲል ጡሩምባ እነፋለሁ፣ እሱም ይወጣል። ጡሩምባ ካልሰማ ቀና ብሎም አያይም።

አንድ ጠዋት ስክሪኑ ገና ግማሽ ሜትር እያለ ድንጋዩ እንጨቱ ላይ ዱብ አለ። ጠርዙ ተሸረፈ። ደግነቱ አልመሀዲ ሌላ እንጨት ሊያመጣ ሄዶ ነበር።

ቴክኒሻኗ ምንትዋብ ተጠራች። የካሜራውን መስታወት ወለወለች፣ ሽቦውን ፈትሻ አጠበቀች፣ አጥፍታ አበራችው። ከዚያ ክሬኑን ወደ መጫኛው ሜዳ አስወሰደችኝና በሜትር እየለካች ከስክሪኑ ጋር አስተያየች። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱም ልክ ሆነ።

ጋሽ ወርዶፋ ድንጋይ ከክሬኑ መንጠቆ ጋር ሲያስሩ ሃያ ዓመት የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ስህተቱ የታየው መጋዙ ጋ ስለሆነ እዚያው ይለካ አሉ። ምንትዋብ ግን ተጨንቃለች፤ መጋዙ ከቆመ ሁለት ሰዓት አልፎታል፣ ኃላፊውም በየአሥር ደቂቃው ይመላለሳል። እዚህ ልክ ከሆነ እዚያም ልክ ነው ብላ፣ ሥራ ቀጥሉ አለችን።

ሁለተኛውን ድንጋይ አነሳሁ። ስምንት ቶን ነው። መጋዙ ጋ ቀስ እያልኩ አወርዳለሁ፣ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ነው። መቶ ሃምሳ። መቶ ሃያ። አልመሀዲ በደረቱ ተደፍቶ፣ እስከ ትከሻው ከሥር ገብቶ እንጨቱን እየገፋ ነው። መቶ አሥር።

ድንገት ጋሽ ወርዶፋ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ አየሁ። መቆጣጠሪያውን ለቀቅኩ። ድንጋዩ ትንሽ ተወዛውዞ ቆመ። ስክሪኑ ዘጠና ስምንት ይላል።

ጋሽ ወርዶፋ አልመሀዲን እግሩን ይዘው ጎትተው አወጡት። ከዚያ በጠርዙ በኩል ተንበርክከው ክንዳቸውን ከእንጨቱ ወደ ድንጋዩ አቆሙ። ክርናቸው እንጨቱን፣ የጣታቸው ጫፍ ድንጋዩን ነካ።

«አንድ ክንድ» አሉ። «ያንቺ ካሜራ ስንት ይላል፣ ልጄ?»

ምንትዋብ ወደ እኔ ቀና ስትል «ዘጠና ስምንት» ብዬ ከላይ ጮህኩ። ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። መጋዙ ሲቆርጥ የሚረጨው ውሃ እንጨቶቹ ዙሪያ ተኝቶ፣ የጣሪያው መብራቶች ጥርት ብለው ይታዩበታል። ካሜራው ወለሉን በውሃው ውስጥ ከሚታየው ጣሪያ ጋር ቀላቅሎ ይለካ ኖሯል፤ የጣሪያው ምስል ደግሞ ከወለሉ በታች የራቀ ስለሚመስል ቁጥሩን ያበዛዋል። የመጫኛው ሜዳ ደረቅ ነው፤ እዚያ ያልተሳሳተው ለዚህ ነው። ውሃውን አስጠረገች፣ ደረቅ ጆንያ አነጠፈች። ስክሪኑ ከዘጠና ስምንት ወደ አርባ ስድስት ወረደ።

ጡሩምባውን የምነፋው ሰማንያ ላይ ነው። ሰማንያን ብጠብቅ ኖሮ ድንጋዩ የት እንደሚደርስ እያሰብኩ ከክሬኑ ለመውረድ ብዙ ቆየሁ።

ስወርድ ምንትዋብ ከአልመሀዲ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ሳልለካ ቀጥሉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አለችው። እሱ ጭቃውን ከደረቱ እያራገፈ፣ እኔም እኮ ቀና ብዬ አላየሁም አላት።

ኃላፊው መጣና፣ ታዲያ ካሜራውን እንንቀለው ወይ ብሎ ጋሽ ወርዶፋን ጠየቃቸው። እሳቸውም የራሰ እጅጌያቸውን እየጨመቁ፣ «ተወው፣ ይሥራ፤ ሰው ከሥር ከመግባቱ በፊት ግን እኛም እንለካለን፤ ዓይን ይገምታል፣ ክንድ ይፈርዳል» አሉት።