አንለይ፣ ድኩላውና ስምንቱ የባቄላ መደብ

እስቲ ቀረብ ቀረብ በሉ። ዱሮ ነው፤ አውሬ ሲናገር ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥበት፣ ዕቃም ሰቅለው ሲረሱት የሚያኮርፍበት ዘመን። ያኔ አንለይ የሚባል ገበሬ ከጫካ ጥግ ስምንት መደብ ባቄላ ዘራ። ባቄላው እሸት ሲይዝ አንድ ድኩላ ከጫካው ወጣና አንዱን መደብ በላ። በማግስቱም ሁለተኛውን በላ።

የአንለይ ሚስት እማዋይሽ መደቦቹን ቆጠረች።

«ስድስት ቀረ» አለች። «የክረምት ሽሯችንም፣ የከርሞ ዘራችንም ይኸው ነው። አንተ ሰውዬ፣ ወይ ድኩላውን ግደለው፣ ወይ እሱኑ አግብቼ ከባቄላዬ ጋር ልኑር።»

አንለይ አደን ወጥቶ አያውቅም። ስለ አደን የሰማው ሁሉ ሠርግ ላይ የሰማው ነው፤ ሠርግ ላይ ደግሞ አዳኞች የሚያወሩት ከገደሉ በኋላ የሆነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው የአባቱ ጦር ሄደ።

«ጋሼ ጦር፣ ድኩላ እንዴት ነው የሚታደነው?»

ጦሩን ለሠላሳ ዓመት ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባትህ ከአደን ሲመለስ አናቱ በቅቤ ይርስ ነበር። ቅቤ ተቀባ፤ ዋናው እሱ ነው።»

አንለይ አንድ ቅል ቅቤ አናቱ ላይ ደፍቶ ጫካ ገባ። ፀሐይ ወጣች፤ ቅቤው ቀለጠና በአንገቱ ወረደ። በዚያ ሲያልፍ የነበረው ነፋስ ቆም ብሎ አሸተተ። ከዚያ ሽታውን ተሸክሞ ወደ ድኩላው ሮጠ።

«አያ ድኩላ፣ ቅቤ የተቀባ ሰው እየመጣ ነው።»

«ሙሽራ ነው?»

«ጦር ይዟል።»

«እንግዲያው ሙሽራ አይደለም» አለና ድኩላው በሌላ በኩል ወጣ። የወጣው ባቄላው ውስጥ ነበር። አምስት ቀረ።

በማግስቱ አንለይ ጦሩን ጠየቀው። «ጋሼ፣ ቅቤው አልሠራም።»

«ቅቤ ብቻውን ምን ይሠራል፣ ልጄ? አባትህ ይፎክር ነበር።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ! እኔ የማስታውሰው እሱን ነው።»

አንለይ ጫካው መሀል ቆመ፤ ጦሩን ነቀነቀ፤ ባለ በሌለ ድምፁ ፎከረ።

«ዘራፍ! ዘራፍ አንለይ፣ የእማዋይሽ ባል፣
ድኩላን በሩቁ፣ በጦሩ የሚጥል!»

ድኩላው ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ግጥሙ ቤት መትቷል» አለ። «ጦሩ ነው የቀረው።» እያኘከም ወደ ባቄላው ሄደ። አራት ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ጦሩ ብዙ አሰበ። «አሁን ትዝ አለኝ» አለ። «አባትህ ጎረቤት ይጠራ ነበር። የጎደለው እሱ ነው!»

አንለይ ጎረቤት ጠራ። አሥራ አንድ ሰው ቢላውን፣ ጨውና ሚጥሚጣውን ይዞ ከኋላው ተከተለ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ስንሻው ገና ጫካው ደጃፍ ላይ ተናገሩ።

«ጉበቱ የእኔ ነው።»

«አባባ፣ ገና አልተገደለም እኮ» አለ አንለይ።

«ሲገደል ነዋ! አሁን አምጣ አልኩህ?»

ሁለት ሰዎች በሽንጡ ተጣሉ። አንዱ፣ ሽንጡ ለእሱ ካልሆነ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ማለ፤ ግን አልተመለሰም። ጫካው ገበያ መሰለ።

በመጨረሻ ድኩላው ራሱ ዐይኑ ቀልቶ ከቁጥቋጦው ወጣ።

«ጌቶቼ፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ምን ፈልጋችሁ ነው?»

አንለይ ጦር መያዙን ረሳ። «ባቄላዬን ተውልኝ።»

«በቃ? ይህንን የመጀመሪያ ቀን ብትለኝ ምን ነበረበት! በል፣ ነገ ወንዙን ተሻግሬ እሄዳለሁ። እዚያ ጸጥታ አለ።»

ጎረቤቶቹ በሽንጡ ሲጨቃጨቁ ድኩላው በመካከላቸው አልፎ ሄደ። አንለይ በደስታ ዘለለ። አቶ ስንሻው ግን ቢላቸውን ወደ አፎቱ አልመለሱም።

«ልጅ አንለይ፣ በባዶ ሆዳችን ልትሸኘን ነው የጠራኸን?»

ሰው ጠርቶ ሳያበሉ መሸኘት ነውር ነው። ከጫካው ሲወጡ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ያለው ባቄላው ነበር።

«እሸቱ ያምራል» አለ አንዱ። ሚጥሚጣውም በእጃቸው ነበር።

እማዋይሽ ስትደርስ የምትቆጥረው አላገኘችም።

በማግስቱ ድኩላው ሊሰናበት መጣና ባዶውን መሬት አየ።

«ማን በላው?»

«እንግዶቼ» አለ አንለይ።

«አራቱንም? በአንድ ጠዋት?»

«በሚጥሚጣ።»

ድኩላው ባዶውን መደብ በሰኮናው ጫር ጫር አደረገ። «እኔ በቀን አንድ መደብ ነበር የምበላው። ሌባ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ። ለማንኛውም፣ እዚህ የቀረኝ ነገር ስለሌለ ልምከርህ፤ ለሚቀጥለው ድኩላ ይሁንህ። ራስህን ታጠብ። ነፋሱ ፊትህን እየመታህ ሂድ። አፍህን ዝጋ። ለማንም አትንገር።»

«ጦሩስ?»

«እሱን እቤት ተወው። ወሬ ያበዛል።»

ጦሩ አኮረፈ። ድኩላውም ወደ ወንዙ መንገድ ጀመረ። እማዋይሽ ነጠላዋን አጣፋችና ከኋላው ተጣራች።

«አያ ድኩላ፣ ቆየኝማ! ወንዙ ጥልቅ ነው?»

እኔም ተረቴን እዚሁ ወንዝ ዳር ላውርደው። አደን ለምትጀምሩ ሁሉ፦ ጫካ ከመግባታችሁ በፊት የምትፈልጉት ድኩላውን ይሁን ባቄላውን ለዩ። ቢላ የያዘ ጎረቤት ግን፣ ለየትኛውም ቢሆን፣ ቀድማችሁ አትጥሩ።