ብርዛፍና ደርቆ የቀረው አከርካሪዋ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የላም በረቱን ለእናንተ ትቼ ወደ ብርዛፍ ልሂድ።

ድሮ፣ አጥንትም እንስራም አህያም በሚናገሩበት ዘመን፣ ብርዛፍ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የሻረግ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ምኞቷም አንድ ብቻ ነበር፤ ልጇን ሙሽራ ሆና፣ በበቅሎ ላይ ከፍ ብላ ማየት። ለዚህ ስትል ከገደሉ ሥር ካለው ምንጭ ውሃ በእንስራ እያዘለች ለሰው ቤት በክፍያ ትቀዳ ነበር።

አንድ ቀን አከርካሪዋ ተናገረ።

"ብርዛፍ፣ ጎንበስ ብለሽ ስትሸከሚ እንዳልሰበር ድርቅ ብዬ እይዝሻለሁ። አሁን ግን አውርጂና ቀና በይ፤ እኔም ልፍታታ።"

እንስራው መሬት መውረድ ይፈራል። ድንጋይ ይሰብረኛል ብሎ "እሜቴ፣ አይስሙት! ሰነፍ ነው" አለ።

ብርዛፍም "ሥራ አለብኝ፤ ነገ ቀና እላለሁ" አለች።

ክረምት አለፈ፤ በጋ አለፈ። አከርካሪው እንደገና ለመነ። "ብርዛፍ፣ ቀና በይ!"

"እሜቴ፣ ቀና ካሉ እፈሳለሁ!" አለ እንስራው።

"ነገ" አለች ብርዛፍ።

በሦስተኛው ጊዜ የጎረቤቷን አህያ ጭነቱን አራግፈውለት አቧራ ላይ ሲንከባለል አገኘችው።

"እትዬ ብርዛፍ፣ እኔ አህያው እንኳ ሸክም ሲወርድልኝ ተንከባልዬ ጀርባዬን አፍታታለሁ። እርስዎስ?"

ብርዛፍ ሳቀች። "ደግሞ የአህያ ምክር ልስማ? ሰርጉ ይለፍና ቀና እላለሁ።"

የሰርጉ ቀን ደረሰ። እልልታው ቀለጠ። የሻረግ በቅሎ ላይ ወጣች።

"እማዬ፣ እዪኝ እንጂ!"

ብርዛፍ ቀና ልትል ሞከረች፤ እምቢ አላት። ግድግዳ ተደግፋ ሞከረች፤ እምቢ አላት። የበቅሎዋን ኮቴ አየች፣ አቧራውን አየች፤ ልጇን ግን አላየችም።

"ዛሬን ብቻ ተፍታታልኝ!" ብላ አከርካሪዋን ለመነችው።

አከርካሪው አለቀሰ። "ሸክሙን እንድትችዪ ብዬ ደረቅሁልሽ። ቀና የምንልበትን ጊዜ ስትነፍጊኝ፣ መለስለሱ ጠፋኝ።"

እንስራውም ባዶውን እንደተቀመጠ "ምነው ያኔ በፈሰስሁ ኖሮ!" አለ። በቅሎዋ ግን ጋራውን ዞራ ነበር።

ሰዎች "ብርዛፍ ለልጇ ጎንበስ ቀና ብላ ኖረች" ይሉላታል። ምን ያደርጋል! ጎንበሱን እንጂ ቀናውን መች አገኘችው? እኔም ባወራሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። እናንተ ተረቴን ስትመልሱልኝ ዳቦው ይቅርብኝ፤ ብቻ ይህችን ያዙልኝ፦ ሸክም ሲያወርዱት እንጂ ሲለምዱት አይቀልም።