የአራሷ ገንፎና የተጠቀጠቀው መስኮት

ተረት ልንገራችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን ክፈቱ፤ ጋዙን ግን ዝጉ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍሬሕይወት የምትባል የሦስት ቀን አራስ ነበረች። ገንፎ አማራት። «ኧረ ገንፎ አምጡልኝ፣ አንጀቴ ታጠፈ!» አለች። ባሏ ደጀኔ ብድግ አለ። መብራት ጠፍቷል፣ ከሰሉን ዝናብ አበስብሶታል፤ የቀረው የጋዝ ምድጃው ነው።

ወደ ድስቱ ሄደ። «ድስት፣ ድስት፣ ገንፎ ስጠኝ።»

«ውሃዬ ሳይፈላ ምኑን ልስጥህ? ምድጃውን ጠይቀው» አለ ድስት።

«ምድጃ፣ ምድጃ፣ ንደድልኝ፤ ድስት አይፈላም፣ አራስ ገንፎ አጣች።»

«ቫልቬ አርጅቶ ጋዝ ያፈስሳል፤ ሳይቀየር አልነድም» አለ ምድጃ። ይኼኔ ክብሪት ከመደርደሪያው ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «እኔ ልጫር?» አለ። «አንተ አርፈህ ተቀመጥ!» አለው ምድጃ። እውነቱን ነው፤ ቤቱ ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

«ቫልቭ፣ ቫልቭ፣ ውጣልኝ፤ ምድጃ አይነድም፣ ድስት አይፈላም፣ አራስ ገንፎ አጣች።»

«መፍቻው ኪያቬ ሳይፈታኝ በምን እግሬ ልውጣ?» አለ ቫልቭ።

ኪያቬው ያለው ምድጃ ጠጋኙ ጋሽ ግዛው እጅ ነው። ጋሽ ግዛው አዲስ ቫልቭ ይዘው መጥተው፣ ገና ከበር ሲገቡ የጋዙን ሲሊንደር ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል።

«ጋሼ፣ ኪያቬውን ያንሱልኝ፤ ቫልቭ አይወጣም፣ ምድጃ አይነድም፣ ድስት አይፈላም፣ አራስ ገንፎ አጣች።»

«የታፈነው ጋዝ ከቤት ሳይወጣማ ብረት ከብረት አላጋጭም! መስኮት ክፈት» አሉ።

«መስኮት፣ መስኮት፣ ተከፈት፤ ኪያቬ አይነሳም፣ ቫልቭ አይወጣም፣ ምድጃ አይነድም፣ ድስት አይፈላም፣ አራስ ገንፎ አጣች።»

«እኔማ በወደድኩ! አማትህ ጨርቅ ጠቅጥቀውብኛል» አለ መስኮት።

አማቱ እማማ ተዋበች መስኮቱ ስር እንደ ዘበኛ ቆመዋል።

«እማማ፣ እባክዎ ይፍቀዱ፤ መስኮት አይከፈትም፣ ኪያቬ አይነሳም፣ ቫልቭ አይወጣም፣ ምድጃ አይነድም፣ ድስት አይፈላም፣ አራስ ገንፎ አጣች።»

«አራስ ቤት መስኮት? ያውም በደብረ ብርሃን ንፋስ? ልጄን ልትገድልብኝ ነው? መጀመሪያ እሷ ጓዳ ትግባ!»

«ልጫር?» አለ ክብሪት። «ዝም በል!» አሉት ሁሉም።

«ፍሬዬ፣ ጓዳ ግቢልኝ፤ እማማ አይፈቅዱም፣ መስኮት አይከፈትም፣ ኪያቬ አይነሳም፣ ቫልቭ አይወጣም፣ ምድጃ አይነድም፣ ድስት አይፈላም፣ ገንፎ የለም።»

«ገንፎዬን ሳልበላ ከዚህ አልጋ ንቅንቅ አልልም!»

ደጀኔ ጭንቅላቱን ያዘ። አራስ ገንፎ ትጠብቃለች፣ ገንፎው አራሷን ይጠብቃል። «ታዲያ ማን ይጀምር?» አለ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ያን ጊዜ ሕፃኗ አሳለች። ትንሽ ሳል ናት፣ ህእ ብላ ዝም አለች።

ፍሬሕይወት ከአልጋው ተነሳች። «ልጄን ጋዝ ሊያፍንብኝ ነው? ገንፎውም ጥንቅር ይበል!» ሕፃኗን አቅፋ ጨርቁን መንጭቃ ጣለችና መስኮቱን ብርግድ አደረገችው።

«ኡኡ! ንፋሱ!» አሉ እማማ ተዋበች።

«እማዬ፣ ያን ሁሉ ምጥ የቻልኩ ሴት ንፋስ ያቅተኛል?» አለችና ጓዳ ገባች። እማማ ጋቢ ይዘው ተከተሏት።

አራስ ስትነሳ መስኮት ተከፈተ፤ መስኮት ሲከፈት ጋዙ ወጣ፤ ጋዙ ሲወጣ ኪያቬ ተነሳ፤ ኪያቬ ሲነሳ አሮጌው ቫልቭ ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ጋሽ ግዛው ሲሊንደሩን ከፍተው መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቡት። አረፋው አላበጠም፤ ጋዙ አያፈስስም ማለት ነው። ያኔ ወደ መደርደሪያው ዞረው፣ «በል ና፣ አሁን ያንተ ተራ ነው» አሉ።

ክብሪት ተጫረ፣ ምድጃ ነደደ፣ ድስት ፈላ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ አራስ በላች።

እማማ ተዋበችም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ክፍቱ መስኮት ስር ተቀምጠው ሁለቴ አስጨመሩ። «ንፋሱስ ደግ ነው፤ ምግብ ያስበላል» አሉ፣ ማንም እንዳይሰማቸው ቀስ ብለው።

እኔ ግን ሰማኋቸው። በሉ ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ደግሞ በዚያችው ገንፎ አብሱልኝ።