ዳገት የወጣው ውሃ

ነገሩ የጀመረው በአንድ እንስራ ውሃ ነው። ይርገዱ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ ገደል ወርዳ ከምንጭ መቅዳት አቅቷታል። ከቤቷ ከፍ ብሎ ጉብታው ላይ የከተማዋ የመጀመሪያ ቦኖ ቆሟል፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም።

«ሽብሩ፣ ቦኖውን ለምን አትከፍተውም?» አለችው ጠባቂውን።

«ቧንቧው ሳይገጠም ምኑን ልክፈት? በያንን ጠይቂው።»

ቧንቧ ገጣሚው በያን ቧንቧዎቹ ላይ ተቀምጧል።

«ሽብሩ አይከፍት፣ አንተ አልገጠምክ። ለምን?»

«ቦዩ ሳይቆፈር የት ልግጠም? ጉደታን ጠይቂው።»

ቆፋሪው ጉደታ ዶማውን ተደግፎ ቆሟል።

«ሽብሩ አይከፍት፣ በያን አልገጠመ፤ በያን አይገጥም፣ አንተ አልቆፈርክ። ለምን?»

«ባላምባራስ ንዳው በግቢዬ አታልፉም ብለዋል። በየት ልቆፍር?»

ባላምባራስ በራቸው ላይ ነበሩ።

«ሽብሩ አይከፍት፣ በያን አልገጠመ፤ በያን አይገጥም፣ ጉደታ አልቆፈረ፤ ጉደታ አይቆፍር፣ እርስዎ አልፈቀዱ። ለምን?»

ሽማግሌው ሆዷን አዩና በርጩማ ሰጧት። «ልጄ፣ ለክፋት አይደለም። ዕድሜዬን ሁሉ ያየሁት ውሃ ቁልቁል ሲሄድ ነው። ይኼ በምን ኃይል ዳገት ይወጣል? ስጠይቅ ‹ትእዛዝ ነው› ይሉኛል። ሳይገባኝ አልፈቅድም።»

ይርገዱ አሰበችው። እሷም አታውቅም። አሁን ደግሞ ከውሃው ይልቅ መልሱ አማራት። ሄዳ መሃንዲሱን አቶ ዘለቀን መንገድ ላይ አስቆመቻቸው።

«ሽብሩ አይከፍት፣ በያን አልገጠመ፤ በያን አይገጥም፣ ጉደታ አልቆፈረ፤ ጉደታ አይቆፍር፣ ባላምባራስ አልፈቀዱ፤ ባላምባራስ አይፈቅዱ፣ እርስዎ አላስረዱ። ለምን?»

«የጠየቀኝ ሰው የለማ» አሉ አቶ ዘለቀ። የጎማ ቱቦ ይዘው ባላምባራስ ግቢ መጡ። መሃሉን መሬት ላይ ጣሉት፤ አንዱን ጫፍ ለባላምባራስ አስያዙና ሌላውን ይዘው የግቢው ግንብ ላይ ወጡ። ከላይ ውሃ አፈሰሱበት። ውሃው መሬት ድረስ ወርዶ ተመልሶ ወጣና በሽማግሌው እጅ ላይ ፈሰሰ።

«የቦኖው ውሃ ምንጩ ገደሉ ውስጥ ሳይሆን ከጉብታው ከፍ ያለ ተራራ ላይ ነው» አሉ አቶ ዘለቀ። «ከላይ የሚወርደው ከፊቱ ያለውን ይገፋዋል።»

ባላምባራስ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ደፈኑት። ውሃው ገፋቸው። ደግመው ደፈኑት።

«እስቲ አንድ ጊዜ ጨምርበት» አሉ።

አቶ ዘለቀ አስረዱ፣ ባላምባራስ ፈቀዱ፤ ባላምባራስ ፈቀዱ፣ ጉደታ ቆፈረ፤ ጉደታ ቆፈረ፣ በያን ገጠመ፤ በያን ገጠመ፣ ሽብሩ ከፈተ። ቦኖው መጀመሪያ ነፋስ ተፋ፣ ቀጥሎ ቀይ ውሃ፣ ከዚያ የጠራ። እንስራው ሞላ።

ይርገዱ ልታነሳው ጎንበስ ስትል ባላምባራስ ቀደሟት። ሰፈሩ ሁሉ እያየ እንስራውን ትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«ውሃው ዳገቱን ከወጣ» አሉ፣ «እኔ ቁልቁል ማድረስ ያቅተኛል?»