የእንዶድ በሩ መምህርና ያልተቀየረው ውሃ

ድሮ ነው፤ ከድሮም ወዲያ ማዶ ያለው ድሮ። ዝንጀሮ ገበሬውን እጅ ነሥቶ ወደ ማሳው የሚገባበት፣ ውሸታም ተገኘ ከተባለ ሰው ስንቅ ይዞ ሊያየው የሚሄድበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ እንዶድ በር በምትባል መንደር የኔታ ወልደ ሐና የሚባሉ የፊደል መምህር ነበሩ። ቁመታቸው ከመቋሚያቸው እምብዛም አይበልጥም። ጋቢያቸው ከመጣፉ ብዛት የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደሆነ የሠራው ሸማኔ ራሱ ቢጠየቅ አያውቀውም። ድምፃቸው ግን አይጣል ነው! «ሀ» ብለው ሲጀምሩ ከማዶ ጋራ የተኛ ጅብ ብድግ ይላል ይባላል። ያየ ሰው የለም፤ የተጠራጠረ ጅቡን ይጠይቅ።

የኔታ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም መምህር ነበሩ። ከዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። በግራ እጃቸው ፊደሉን ያመለክታሉ፣ በቀኝ እጃቸው አለንጋ ይይዛሉ። ልጅ ሲሳሳት ቀኙ ይሠራል። ልጅ ሲያንቀላፋ ቀኙ ይሠራል። ግራው ሥራ ከማጣቱ የተነሣ ሊሰንፍ ምንም አልቀረው።

አንድ ቀን እማሆይ ጸዳለ የሚባሉ ዓይነ ስውር መነኩሲት በዋርካው በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ። የልጆቹን ጩኸትና የአለንጋውን ፉጨት አዳመጡ።

«ወልደ ሐና፣ ማንን ነው የምትገርፈው?» አሉ።

«ተማሪ ነዋ፣ እማሆይ።»

«ተማሪነቱንስ ሰማሁ። ማን ፈጠረው ነው የምልህ? በማንስ አምሳል?»

«ያው... በሥላሴ አምሳል ነዋ።»

«ውይ! እያወቅህ ነው እንዴ?» አሉ እማሆይ። «እኔ እኮ አንተም እንደኔ ዓይንህ የጠፋ መስሎኝ ልመራህ ነበር የቆምሁት።»

ልጆቹ ሳቁ። የኔታ ደነገጡ። «እኔንም ያስተማሩኝ እንዲሁ እየገረፉ ነው» አሉ።

«ያስተማሩህን አልጠየቅሁህም። እሑድ ቅዳሴ ላይ አምናለሁ ትላለህ። ሰኞ የምታስተምረው ያንኑ የምታምነውን ነው ወይስ ሌላ?»

እማሆይ መልሱን አልጠበቁም። በትራቸውን እያንኳኩ ሄዱ። የኔታ ተማሪዎቹን አሰናበቱ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው ሲያስቡ ዋሉ። ሲያስቡ ሰነበቱ። ከመቀመጣቸው ብዛት ወፍ ጎጆ ልትሠራባቸው ሣር ይዛ መጥታ ነበር አሉ። በመጨረሻ ተነሡ።

«ፊደል አውቃለሁ» አሉ ለራሳቸው። «ዜማም አውቃለሁ። ለምን እንደማስተምር ግን እስከ ዛሬ አላሰብሁትም። ከእንግዲህ ወዲህ እሑድ የማምነውን ሰኞ አስተምራለሁ።»

አለንጋውንም ለአንድ አህያ ነጂ ሰጡት። አህያው እስኪሞት ድረስ ይቅር አላላቸውም።

መጀመሪያ የመጣባቸው የወላጅ ቁጣ ነው። መምህሩ መግረፍ አቆሙ ሲባል መንደሩ ተሸበረ። አንዷ እናት የወይራ ዱላ ተሸክማ መጣች። «የኔታ፣ ምን በደልሁዎ? የጎረቤቴን ልጅ ስንት ዘመን ሲገርፉ ኖረው የኔ ልጅ ሲደርስ ይተዉታል? ዱላ አጥተው ከሆነ ይኸው!» አለቻቸው።

«ዱላስ አላጣሁም፣ እናቴ» አሉ የኔታ። «ማን እንደፈጠረው ስለማውቅ ነው።»

የልጇ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ፊደል በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ለመውጣት እንኳ አይቸኩልም፤ መሐል ላይ ተኝቶ ይቀራል። የኔታ ከልጁ ጎን መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲሳሳት ከመጀመሪያው ጀመሩ። አሁንም ተሳሳተ፤ አሁንም ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጅብ የሚያስነሣው ድምፃቸው ሰልሎ እንደ ትንኝ ሆነ። ዋርካው ላይ ያሉት ወፎች ከልጁ ቀድመው ፊደሉን ዘለቁት። የኔታ አልተቆጡም፤ እንደገና ጀመሩ። አንድ ቀን ልጁ ያለማንም እርዳታ ከሀ እስከ ፐ ወረደው። ሲጨርስ የራሱን አፍ በእጁ ያዘ፤ ሌላ ሰው የተናገረበት መስሎት ነው። እናቱ ስትሰማ ያን የወይራ ዱላ ሰብራ ማገዶ አደረገችው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ቀኛዝማች ምትኩ የሚባሉ ባላባት ነበሩ። ሲያስነጥሳቸው አገሩ በሙሉ «ይማርዎ» እስኪል ድረስ ሁለተኛውን አያስነጥሳቸውም። ልጃቸው በላቸው ዳዊቱን ጨረሰ። አንደበቱ የተሳለ ምላጭ ነው። ቀኛዝማች ደስ ብሏቸው ሠንጋ ጣሉ። የወጡ ሽታ ወንዝ ተሻግሮ የጎረቤት አገር ውሾችን ሰብስቦ አመጣ። ሕዝቡ ዙሪያውን ተቀመጠ። የአገሩ ሥርዓት ግን መምህሩ ተነሥተው «ልጃችሁ ጨርሷል» ሳይሉ ማንም አይቆርስም።

የኔታ ተነሡ። «አልጨረሰም» አሉ።

የተጋባዡ ምራቅ ጉሮሮ ላይ ቆመ።

«እንዴት አልጨረሰም?» አሉ ቀኛዝማች። «ትናንት ከዳር እስከ ዳር ሲያነበው አልሰማሁም?»

«ማንበቡንማ አንብቧል። ‹ማረኝ› የሚለውን መዝሙር እያነበበ ነበር። ጎሹ ውሃ ይዞለት ሲመጣ ዘገየህ ብሎ በጥፊ መታው፤ ከዚያ ካቆመበት ‹ማረኝ› ብሎ ቀጠለ።»

ጎሹ የቀኛዝማች ሽማግሌ አገልጋይ ነው። ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ስሙ ሲነሣ እንደ ሌባ ተሸማቀቀ።

«በአንድ ጥፊ ነው ድግሴን የሚያበላሹት?» አሉ ቀኛዝማች።

«ጎሹንስ ማን እንደፈጠረው አውቃለሁ» አሉ የኔታ። «እኔ ልጁን ያስተማርሁት ፊደል ለቃቅሞ እንዲሄድ አይደለም። አንብቦ እንዲህ ከሆነ ባያነብ ይሻለው ነበር፤ ጥፋቱም የኔ ነው።»

ወጡ መቀዝቀዝ ጀመረ። አንድ ሆዳም ዘመድ «ኧረ በላቸው፣ የእኛንም ነፍስ አስብ!» ብሎ ጮኸ። በላቸው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሁሉም የሸሸ መሰላቸው። ተመልሶ ሲገባ ግን ማጀራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ታላላቅ ሰዎች ይቅርታ የሚጠየቁበት ዓይነት ድንጋይ። ሄዶ ጎሹ እግር ሥር ተንበረከከ። ጎሹ ድንጋዩን ከማጀራቱ አወረደለት፤ «ይማርህ፣ ይማርህ የኔ ልጅ» ሲል አለቀሰ።

«አሁን ጨረሰ» አሉ የኔታ። ቆረሱ።

ልጁ ቀለለው። ድንጋዩ ግን ከልጁ ማጀራት ወርዶ አባቱ ሆድ ውስጥ ገባ። ቀኛዝማች ምትኩ ቂም ያዙ።

ሦስተኛው የመጣው በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ነው። ከመንደሩ ዳር ማንጠግቦሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። የመንደሩ ወጥ የሚሠራው በእሷ ድስት፣ ውሃው የሚቀዳው በእሷ እንስራ ነው። ሰዉ ግን «ቡዳ ናት» ይላታል። ድስቷን ይወዳል፣ ዓይኗን ይፈራል። ልጇ ብርቄ እናቷ ጭቃ ስታቦካ ከዋርካው የሚመጣውን የፊደል ድምፅ እየሰማች አብራ ታዜማለች። አንድ ጧት ማንጠግቦሽ ልጇን ይዛ ከዋርካው ራቅ ብላ ቆመች።

«የኔታ፣ ከሩቅ ሆና ብትሰማ ይከፋዎታል?» አለች።

«ከሩቅ ፊደሉ አይታያትም» አሉ የኔታ። «ማን እንደፈጠራት አውቃለሁ። ነይ ልጄ፣ እዚህ ከፊት ተቀመጪ።»

በማግሥቱ ከብርቄ በቀር ዋርካው ሥር የተገኘ ተማሪ የለም። ቀኛዝማች ቤት ለቤት እየዞሩ «ልጆቻችሁን ሊያስበሏቸው ነው» ብለው ነበር። ለየኔታ እህል የሚሰጠውም እጁን ሰበሰበ። የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ተድላ፣ አስጠሯቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሕዝብ ይፈራሉ እንጂ።

«ወልደ ሐና፣ ልጅቱን አሰናብት» አሏቸው። «ከፋሲካ በኋላ ዋርካው ሥር ባያት ግን ጓዝህን ጠቅልለህ ትሄዳለህ።»

የኔታ ተጨነቁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላ አገር የላቸውም። የልጆቹ ጫጫታ ናፈቃቸው። ሆዳቸው ከቅዳሴው ደወል በላይ ይጮሃል። «ለከርሞ ትመጣለች፣ እስከዚያ ነገሩ ይበርዳል» ብለው ሊነግሯት ወደ ማንጠግቦሽ ቤት ወረዱ። ማንጠግቦሽ ስታያቸው ከገዛ ደጇ ሸሸት አለች። ፀሐይ ከኋላዋ ነበረችና ጥላዋ እሳቸው ላይ እንዳያርፍ ልጇን ሳብ አድርጋ ወደ ጎን ዞረች። ጥላዋን እንኳ ስትሰበስብ አዩዋት። ያሰቡት ቃል አፋቸው ውስጥ ቀረ።

«ነገ እንዳታረፍዱ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት» ብለው ተመለሱ።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ቀን ነውና አለቃ ተድላ የሕዝቡን እግር ያጥባሉ። ሰው ተደርድሮ ተቀመጠ። የኔታ ብርቄን እጇን ይዘው ገቡ፤ ከቀኛዝማች ምትኩ ጎን አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር፣ እዚያ አስቀመጧት። ቀኛዝማች ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልዩ ስለነበር አላዩም።

አለቃ አንገታቸውን ደፍተው፣ የወይራና የወይን ቅጠል ውሃው ውስጥ እየነከሩ፣ ከእግር ወደ እግር ወረዱ። ፊት አያዩም፤ እግር ብቻ ነው የሚያዩት። ነጭ ተረከዝ አጠቡ። ጥቁር ተረከዝ አጠቡ። ከዚያ ትንሽ እግር አገኙ፤ ጭቃ ደርቆበት እንደ አዲስ እንስራ የተሰነጠቀ። ቀና አሉ። ብርቄ ናት።

ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ዝንብ እንኳ ቆማ አየች።

«ምን አደረግህብኝ፣ ወልደ ሐና?» አሉ አለቃ በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አደረግሁ፣ አባቴ? ቀኑ ነው» አሉ የኔታ። «ልለፋት ካሉ ግን እኔ ከፋሲካ በኋላ ምን ብዬ ላስተምር?»

አለቃ ተድላ ቅጠሉን እንደያዙ ግድግዳው ላይ ወዳለው የጌታችን ሥዕል አዩ። ወደ ሕዝቡ አዩ። ከዚያ «አምላኬ የይሁዳን እግር አጥቦ፣ እኔ ይህቺን ሕፃን ልጸየፍ?» አሉና ተንበረከኩ። ቅጠሉን ጣሉት፤ በእጃቸው አጠቧት። በየጣቷ መሐል አጠቧት። ውሃው እንደ ክረምት ጎርፍ ቀይ ሆነ። ከኋላ፣ ልጇን ተከትላ መጥታ በሩ አጠገብ የቆመችው ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ታለቅሳለች።

አለቃም መታጠቢያውን ገፋ አድርገው ቀጣዩ ዘንድ ደረሱ። ቀጣዩ ቀኛዝማች ምትኩ ናቸው። ቀኛዝማች ዓይናቸውን ገለጡ። ውሃውን አዩ። ልጅቱን አዩ። እግራቸውን እንደ ኤሊ ወደ ውስጥ ሰበሰቡ።

«አባቴ... ውሃው አይቀየርም?»

«አይቀየርም» አሉ አለቃ። «እግርህን ወዲህ በል ወይ ተነሥተህ ውጣ።»

በዚያ ቀን፣ በዚያ ሕዝብ ፊት፣ ሳይታጠቡ መውጣት ምን ይባላል? ቀኛዝማች በስመ አብ አሉ። እግራቸውን እንደ እሳት እየፈሩ ነከሩት። ሕዝቡም እሳቸው እስኪሞቱ መጠበቅ ጀመረ። ዓርብ አልሞቱም። ቅዳሜ አልሞቱም። የፋሲካ ለት አንድ በግ ብቻቸውን በልተው ጥሬ ሥጋ ሲጨምሩ ታዩ፤ ጭራሽ ለዓመታት የቆየ የእግራቸው ቁርጥማት ለቀቃቸው አሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ አፈረ።

ፋሲካው ሲያልፍ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ዋርካው ተመለሱ። ዳዊት የጨረሰው በላቸው እንኳ ቀድሞ መጥቶ ብርቄ አጠገብ ተቀምጧል። የኔታ ወልደ ሐና መታጠቢያ ይዘው ጠበቋቸው። ጎንበስ ብለው የሁሉንም እግር በአንድ ውሃ አጠቡ፤ ከዚያ «ሀ» አሉ። ጅቡም ተነሣ።

ይኸውላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ እንዶድ በር ላይ አዲስ ተማሪ ሲገባ መጀመሪያ መምህሩ እግሩን ያጥበዋል፤ ፊደሉ ከዚያ በኋላ ነው። ሊያስተምር የሚመጣ ሰውም ምን ታውቃለህ ተብሎ አይጠየቅም። ያገሩ ሽማግሌዎች ውሃ በሸክላ መታጠቢያ ቀድተው ከፊቱ ያኖሩና የመንደሩን ልጆች ሁሉ ይደረድሩለታል። አንዳንዱ ዕውቀቱን ይዘረዝራል። አንዳንዱ ይሥቃል። ሽማግሌዎቹም ስንቁን ቋጥረው በደህና ይሸኙታል። አንዳንዱ ግን ምንም ሳይናገር እጅጌውን ይሰበስባል። ያን ጊዜ የመንደሩ እናቶች እልልታውን ያቀልጡታል፤ ልጆቻቸው መምህር አግኝተዋልና።